ከሃያኛው ገጽ በኋላ

ሠላሳ ስምንት ከመቶ፣ አሁንም ሠላሳ ስምንት ከመቶ፣ ቆይ ይሄ መስመር በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል፣ ከሞተ ቁርጡን ይንገራት፣ ውብነሽ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ጅማ ሄርማታ ገበያው ጀርባ ዮርዲ ኢንተርኔት ቤት ተጎልታ ፋይሉ እስኪጫን አንድ አረንጓዴ መስመር ስታይ ወገቧ ተቆርጧል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ምስክር ወረቀት ሰጪው ፈረንጅ እስከ አሥራ አንድ ብሏል፣ በእናንተ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ብሎ ለይቶ ነው የጻፈው፣ ከእኛ ጋር መሥራት ምን እንደሆነ እሱ እንኳ ገብቶታል፣ ከአሥራ አንድ በኋላ የመጣ ስም ለዘንድሮ አይገባም፣ ለዘንድሮ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ የቡናው የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት አንዴ ከተቋረጠ ሦስት ዓመት እንደ አዲስ ይቆጠራል፣ ሦስት ዓመት፣ ሰባ አንድ ቤት።

ሠላሳ ዘጠኝ። ተመስገን ነው፣ አንድ ከመቶ ተንቀሳቀሰ፣ እልል በሉ።

ውቤ አትጨናነቂ ባክሽ፣ ትላለች ዮርዲ ከባንኮኒው ማዶ ማስቲካዋን እያላመጠች፣ ኮኔክሽኑ ዛሬ ሙዱ ልክ አይደለም፣ ከሰዓት ሁሉም ፌስቡክ ላይ ይጣዳል። እውነቷን ነው፣ ከፊት ለፊት ስድስት ጀርባ ይታያል፣ ስድስቱም የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ አንዱ ብቻውን ይስቃል፣ እነሱ የሰው ፎቶ ሲያገላብጡ የሰባ አንድ ገበሬ ስም ከኋላቸው ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ተነሥታ የስድስቱንም ገመድ ብትነቅልባቸው እንዴት ደስ ባላት።

ከጎኗ ሼህ አብዱልሃዲ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ሁለት እጃቸውን በትራቸው ላይ ደራርበው። የሀሮ ጨፌ ሽማግሌ ናቸው፣ የመንደሩን ልጆች ቁርአን ያስቀራሉ፣ ስማችን ሲገባ በዓይኔ ልየው ብለው ነው ዛሬ ጠዋት ከአጋሮ ወዲያ ተሳፍረው ከእሷ ጋር የመጡት፣ ሐሙስ ስለሆነ የሱና ጾም ይዘዋል፣ ዮርዲ ለስላሳ ይምጣልዎት አባባ ስትላቸው አላህ ይስጥሽ ብለው ፈገግ አሉ፣ ያ ፈገግታ ነው የሚያነድዳት፣ ቢቆጡ ትችለው ነበር፣ ቢሳደቡ፣ በትሩን ጠረጴዛው ላይ ቢያሳርፉት ትችለው ነበር፣ እሳቸው ግን ፊደሉን ባያነቡትም ቁጥሩን ያውቁታልና አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ሜ፣ እስቲ እዪ፣ አርባ ሁለት አለ፣ መጣ እኮ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሏታል፣ እሷን ሊያጽናኑ፣ እሷን።

ገና ነው ሼህ፣ ትላለች።

ገና ነው። ሃያ ሦስት ገጽ ነው፣ የአምስት መቶ ሃምሳ አንድ ሰው ስም፣ ከነአባት ከነአያት፣ ሁሉንም በቁቤ የተየበችው ራሷ ናት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በኤክሴል፣ አንድ ረድፍ ለአንድ ሰው፣ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ሥራ ነበር፣ እንዳለ ቢላክ ኖሮ ዛሬ እዚህ ማን ይቀመጥ ነበር፣ ግን ፍስሐ አለ፣ የገበሬዎቹ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ፍስሐ፣ ማህተም ያላረፈበት ዝርዝር ከዚህ ቢሮ አይወጣም ያለው ፍስሐ። አቶ ፍስሐ ኮምፒውተር ላይ ማህተም አይመታም እኮ። ታዲያ አትሚውና ልምታበት፣ ከዚያ በስካነር መልሰሽ አስገቢው፣ ይሄ ይከብድሻል? አተመችው። መታበት። በየገጹ፣ ዳር ላይ ባዶ ቦታ ሞልቶ ሳለ መሃሉ ላይ፣ ስሙ ላይ፣ ምክንያቱም ማህተም ጽሑፍ ካልነካ ያጭበረብሩበታል፣ ይኸው የሥራ ልምድ፣ የሃያ ዓመት የሥራ ልምድ፣ ስካን ስታደርገው ወይን ጠጅ ክቡ የሰው ስም እየዋጠ ገባ፣ የመጨረሻዎቹ ገጾችማ ስካነሩ ጠቁሮባቸው ግማሹ ጥላ ነው።

ተላከ። ፈረንጁ በማግስቱ መለሰ፣ የላካችሁልኝ ሥዕል ነው፣ እኔ የጠየቅኋችሁ ዝርዝር ነው፣ እባካችሁ በኤክሴል። ኤክሴሉስ? ኤክሴሉን የፍስሐ ፍላሽ በልቶታል፣ የት የት እንደሚሰካው አይታወቅ፣ የሠርግ ቪዲዮ ሊያሳያት አምጥቶ ሰክቶ ቫይረሱን በተነው፣ ፋይሉ ሁሉ ወደ ባዶ ምልክት ተለወጠ፣ ሲጫኑት የማይከፈት፣ ጠጋኙ መጥቶ ሁሉንም አጥፍቶ ሄደ፣ የቀረው ሥዕሉ ነው፣ ከነማህተሙ፣ ከነጥላው። በቃ ኢንተርኔት ላይ የሚቀይር ነገር አለ አሉ፣ ጅማ ሂጂና ቀይሪው አላት ፍስሐ። አሉ። ማን እንዳለ አላወቀችም።

ስልሳ። ስልሳ አንድ።

ቀየረችው እንግዲህ፣ ከአንድ ወር በፊት፣ ጥቅምት ላይ፣ እዚሁ ቤት፣ መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር ላይ፣ ፒዲኤፉን ለሳይቱ ሰጠችው፣ ሳይቱ ኤክሴል አድርጎ መለሰላት፣ ላከችው፣ ወደ ቦሳ አዲስ ወደ እናቷ ቤት ሄዳ ተኛች። ኅዳር ሲገባ ምስክር ወረቀቱ መጣ፣ በፍሬም ተሰቀለ፣ ከጀርባው የተያያዘው ዝርዝር ላይ አራት መቶ ሰማንያ ሰው አለ፣ ሀሮ ጨፌ የለም፣ አንድም ሰው የለም፣ ወንዝ ማዶ ስለሆኑ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚጻፉት፣ መንገድ ሲመጣ መጨረሻ፣ መብራት ሲመጣ መጨረሻ፣ ሲቀር ግን መጀመሪያ። የመጨረሻ ሦስት ገጽ። ማሽኑ በላው፣ አለች። የመጀመሪያ ቀን ሲጠይቋት አፏ ላይ የመጣው ይሄ ነው፣ ማሽኑ በላው፣ ከዚያ ወዲያ ለጠየቀ ሁሉ ይህንኑ ስትል አሁን እንደ ዳዊት ይወጣላታል።

ሰባ ደረሰ ልጄ።

ኤዬ ሼህ፣ እያየሁት ነው።

ለጢፋን ግን ምን ትበላት። ለጢፋ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ተነሥታ የለቀመችውን ቀይ እሸት በጀርባዋ አዝላ ወንዙን ተሻግራ መጣች፣ እሸት ቡና የተለቀመ ዕለት ካልተፈለፈለ እንደሚሞቅ፣ እንደሚበላሽ ሕፃን ያውቀዋል፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያው ዘበኛ በሩ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር በጣቱ ወረደበት፣ የለሽም አላት። እንዴት የለሁም። የለሽም፣ ሂጂ። ውብነሽ ይህን ሁሉ በቢሮው መስኮት ታያለች፣ ሸክሙ ከጀርባዋ ሳይወርድ፣ ለጢፋ ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ድንጋይ ያነሣ ነበር፣ እሷ ግን መስኮቱ ሥር መጥታ፣ እንዴ ውብነሽ፣ አለሁ አይደል፣ አንቺ አይደለሽ የጻፍሽኝ፣ አለሁ አይደል?

ማሽኑ በላው ለጢፋ።

እንዲህ ብላታለች። ለዚያች ሴት፣ ሸክሟን ተሸክማ ለቆመች ሴት። እስቲ አሁን ይሄ አፍ ነው?

ሰማንያ አምስት። ልጁ ደግሞ ይስቃል እንዴ እንደገና፣ ምን አለ ዝም ቢል፣ ምን የሚያስቅ ነገር አለ በዚህ አገር። ቆይ ደግሞ ግምገማው፣ ግምገማው አይረሳም፣ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ ለአምስት ተቧድነን፣ ሂስ እና ግለ ሂስ፣ ፍስሐ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የታየው ክፍተት የቴክኖሎጂ ነው፣ አቅጣጫ አስቀምጠን እናልፋለን፣ ክፍተት አለው፣ ሰባ አንድ ቤት የወደቀበት ገደል በእሱ አፍ ክፍተት ነው፣ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ማን ሆነና፣ እሷው ናት፣ በገዛ እጇ የኔትወርክ መቆራረጥ ባስከተለው ክፍተት ብላ ጻፈች፣ ፊርማ፣ ማህተም፣ ፊርማው ላይ ያረፈ ማህተም፣ እውነት ሆነ ማለት ነው። ከኋላ ወንበር ሼህ አብዱልሃዲ እጃቸውን አወጡ፣ ሁሉም አሁን መጣ ብሎ ተሰናዳ፣ ሼሁ ግን፣ ይቺን ልጅ ተዋት፣ ማሽን አላህን አይፈራ፣ ሰው ቢሆን ይጠየቅ ነበር፣ ብለው ተቀመጡ።

ሰው ቢሆን ይጠየቅ ነበር። ስንት ሌሊት ሆናት ይህን ስታላምጥ።

መቶ። መቶ አለ! ይላሉ ሼሁ፣ በትራቸው ወለሉን ቆረቆረ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዮርዲ እንኳ ቀና አለች። ውብነሽ ቀና አትልም፣ ማሽኑ በላው ያለችውን በሼሁ ፊት ላለማፍረስ ደገመችው እንጂ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች፣ ገጹ ነጭ ይሆናል፣ ትንሽ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ትልቁ አረንጓዴ ቁልፍ፣ ፋይልዎ ተዘጋጅቷል፣ ከቁልፉ ሥር ደግሞ በግራጫ፣ በደቃቃ፣ ዕዳ እንደሚናገር ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ በነፃ የሚቀየሩት የመጀመሪያዎቹ ሃያ ገጾች ብቻ ናቸው፣ ለቀሩት ሦስት ገጾች በካርድ ይክፈሉ። በካርድ። ጅማ ላይ እንዲህ ያለ ካርድ ማን አለው፣ ከንቲባው አለው?

እንግሊዝኛው ቀላል ነው። አራተኛ ክፍል የደረሰ ያነበዋል።

ያን ቀንም ቀላል ነበር።

በቃ፣ እውነቱ ወጣ፣ ከዚህ በኋላ ማንን ታታልላለች፣ ራሷን? ያን ቀንም ይሄው ግራጫ መስመር እዚሁ ቦታ ላይ ነበር፣ አነበበችው፣ አንዴ አይደለም ሁለቴ አነበበችው፣ የቀሩት ሦስት ገጾች እነማን እንደሆኑ ታውቃለች፣ ሀሮ ጨፌ፣ ከመጀመሪያው ሰው እስከ መጨረሻው ራሷ የተየበቻቸው፣ ሦስት ገጽ ምንድን ነው፣ ሰባ አንድ ስም ምንድን ነው፣ ጣቷ ከዓይኗ ቀድሞ የሚሄድ ታይፒስት ናት እኮ፣ ተቀምጣ ብትተይበው አንድ ሰዓት አይፈጅባትም ነበር፣ የማይነበበውን ደግሞ ለነገ ደውላ መጠየቅ ነው፣ ግን ፍስሐ ሦስቴ ደውሎ ነበር፣ አለቀ? አለቀ? ዛሬ ካልደረሰ በግምገማ እንተያያለን፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ምን አላት፣ አንቺ እኮ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠሽ ስትጫወቺ ነው የምትውይው፣ ስትጫወቺ፣ ሁለት ሳምንት ያበጠው የእጇ አንጓ፣ በእሱ ፍላሽ የተበላው ሥራ፣ ስትጫወቺ። ስልኩን ዘጋችበት። እና እንዲህ አለች፣ ቃል በቃል ታስታውሰዋለች፣ ይበላችሁ፣ እስቲ ከማህተሙ ሌላ የሚያይ ሰው ካለ የጎደለውን ያያል፣ አለችና ላክ የሚለውን ተጫነች። ደስ ብሏት ነበር። ይሄን ለንስሐ አባቷም አልነገረችም፣ ደስ ብሏት ነበር፣ ከኢንተርኔት ቤቱ ስትወጣ ሳምቡሳ ገዝታ በላች።

ሰኞ እልከዋለሁ ብላ ነበር። ይሄም እውነት ነው፣ ሰኞ ሦስቱን ገጽ ለብቻ ልትልክ አስባ ነበር፣ ሰኞ ለቅሶ ነበረባት፣ ማክሰኞ መብራት የለም፣ ረቡዕ ረሳችው፣ ሐሙስ አስታወሰችና አፈረች፣ ካፈሩ ወዲያ ደግሞ በየቀኑ እየከበደ ይሄዳል። ዱላው ለፍስሐ የተሰነዘረ ነው፣ ያረፈው ለጢፋ ጀርባ ላይ። ፍስሐማ ምን ሆነ፣ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ነው፣ የሳጥኑን ቁልፍ ይዞ፣ ማህተም ያለበትን ወረቀት ቆልፎበት፣ አበሉን እየበላ።

ልጄ፣ ምን ይላል?

ሃያ ገጽ ብቻ ነው የምቀይረው ይላል ሼህ።

የእኛስ?

የእናንተን አልቀይርም ይላል።

ሼሁ ስክሪኑን ያያሉ፣ ግራጫዋን መስመር አይደለም፣ ትልቁን ቁልፍ፣ ረጅም ጊዜ ያዩታል። ያን ቀንም እንዲህ ነበር ያደረገው?

እንግዲህ ማሽን ነው፣ ትላለች።

ታዲያ አይናገርም? ሰውን እንደዚህ ሲያስቀር አይናገርም?

አይናገርም ሼህ።

ትዋሻለች፣ አሁንም ትዋሻለች፣ ጿሚ ሽማግሌ አጠገቧ አስቀምጣ ትዋሻለች፣ ምን ዓይነት ፍጥረት ናት፣ ማውሱን ገፍታ ሳይቱን ድርግም አድርጋ ትዘጋዋለች፣ ዮርዲ ቀስ በይ ማውሱን እንዳትሰብሪብኝ ትላለች፣ እሰብረዋለሁ፣ ሁሉንም እሰብረዋለሁ፣ ዘጠኝ ከሃያ ነው። ባዶ ኤክሴል ትከፍታለች፣ አጠገቡ ያን የተረገመ ሥዕል፣ ሃያ አንደኛው ገጽ፣ ወይን ጠጅ ክብ፣ ጥቁር ጥላ፣ ከጥላው ሥር እንደ ጉንዳን የሚታይ የሰው ስም። ሼህ ያንብቡልኝ አልልዎትም፣ ይንገሩኝ፣ እኔ እተይባለሁ፣ ከላይ ከወንዙ ጀምረው በየቤቱ ይንገሩኝ።

ሜ፣ ይላሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከወንዙ ሲወጣ መጀመሪያ የሙሐመድሳኒ ቤት ነው። ሙሐመድሳኒ አባ ቦር፣ አያቱ ዲኮ። ቀጥሎ ፈሂማ ነስሩ፣ በአባቷ መሬት ናት፣ አያቷ አባ ጎሙል ነው፣ ቀጥሎ ጠማማዋ ዋንዛ ያለችበት ግቢ፣ እሱ የጀማል ነው፣ ጀማል ሁለት አለ፣ ጀማል አባ ዝናብ እና ጀማል አባ ዲጋ፣ ሁለቱንም ጻፊ እንዳይጣሉ። ትጽፋለች። ጣቷ ይሮጣል፣ ይሄ ጣት ይህን ማድረግ ይችል ነበር ያን ቀን፣ ስክሪኑ ላይ ከክቡ ስር የወጣው ፊደል ሼሁ ካሉት ጋር እየገጠመ፣ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ሁለት፣ ሼሁ አይጣደፉም፣ አይሰናከሉም፣ ሕፃን እያሉ እንደቀሩት የቁርአን ሱራ ይወርዳሉ፣ አንድ ቤት አይዘልሉም፣ የፈረንጅ ማሽን ዘሎታል፣ እሷ ዘላዋለች፣ እኚህ ሽማግሌ አንድ ቤት አይዘልሉም።

ቀጥሎ አብደላ ቲጃኒ።

አብደላ፣ ትላለች፣ መስከረም ላይ ያረፈው አይደለም?

እሱ ሞቷል፣ ቡናው አልሞተም። በልጁ በሶረቲ ጻፊው፣ ሶረቲ አብደላ ቲጃኒ፣ እሷ ናት አሁን የምትለቅመው።

ሠላሳ አራት። አርባ። አሥር ሰዓት ሆኗል፣ ልጆቹ አንድ በአንድ እየወጡ ነው፣ ዓይኗ ያቃጥላል፣ ሃያ ሁለተኛው ገጽ አለቀ፣ ሃያ ሦስተኛው ከሁሉ የባሰ ነው፣ ፍስሐ የመጨረሻው ገጽ ነው ብሎ ማህተሙን ሁለት ቦታ መትቶበታል፣ ሁለት ቦታ፣ አንዱ አልበቃው ብሎ፣ እጁን ይቁረጠው ልትል አፏን ከፍታ ጾመኛ አጠገቧ አለ ብላ ትውጠዋለች። ሃምሳ ሁለት። ስልሳ። ስልሳ ሦስተኛው ላይ ለጢፋ አባ ጀበል፣ ይላሉ ሼሁ፣ የባሏን አትጻፊ፣ መሬቱ አሁን በስሟ ነው። ለጢፋ። ጥቂት ፊደል ናት በቁቤ፣ ስትመታት አምስት ሰከንድ አልፈጀባትም። አንድ ሙሉ ወር ለአምስት ሰከንድ ሥራ።

መብራት ጠፋ።

ኡህ፣ ይላል ቤቱ። የኮምፒውተሩ ድምፅ ወደ ታች ወርዶ ወርዶ ቀረ፣ ከባንኮኒው ሥር አንድ ነገር ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ሼሁ ማሎ፣ ምን ሆነ፣ ይላሉ፣ ውብነሽ ጥቁሩን ስክሪን አትኩራ ታየዋለች፣ የራሷን ፊት ነው የምታየው፣ አስቀምጣዋለች ወይስ አላስቀመጠችውም፣ ስልሳ ላይ አስቀምጣለች፣ በራሷ ፍላሽ ላይ አስቀምጣለች፣ እርግጠኛ ናት፣ እርግጠኛ አይደለችም፣ አሥር ከሃያ አምስት ነው። ዮርዲ። ዮርዲዬ። ላፕቶፕሽን።

ቻርጁ ሠላሳ ነው እኮ ውቤ፣ ፊልም ልይበት ብዬ ነበር።

ዮርዲ አፈር ስሆንልሽ፣ ላፕቶፕሽን።

ዮርዲ አንዴ ሼሁን አየች፣ ማስቲካዋን ከአፏ አውጥታ ላፕቶፑን ከባንኮኒው ሥር አመጣች፣ ኢንተርኔት የሚስብ ጣት የምታክል ነገር ጎኑ ላይ ሰካች፣ ባላንስ አለው ብዬ ነው፣ አለች፣ በጣም አትጎትቺበት። ውብነሽ ፍላሹን ትሰካለች፣ ቫይረስ ካለ አለቀ፣ ባዶ ምልክት ብቻ ከመጣ አለቀ፣ ተከፈተ፣ አለ፣ ስልሳ ስም ነው ያለው፣ ስልሳ አንደኛው የለም፣ ለጢፋ የለችም፣ ለጢፋ እንደገና ቀርታለች፣ ሼህ ከስልሳ አንድ ይመለሱ። ተመለሱ። ለጢፋ አባ ጀበል ደግሞ ተጻፈች፣ ስልሳ አምስት፣ ስልሳ ዘጠኝ፣ ሰባኛው ማነው፣ ሰባኛው የእኔ ወንድም ነው፣ ሰባ አንደኛው?

ሼሁ፣ እኔ ነኝ፣ አሉ። አብዱልሃዲ ሼህ ከማል አባ ፊጣ።

ራሳቸውን መጨረሻ አድርገዋል።

አሥር ከሃምሳ ተላከ። ወደ ላይ የምትወጣ ቀስት፣ ትንሽ ዝግ አለች፣ ወጣች። ሦስቱም ላፕቶፑን ያያሉ፣ ዮርዲም ፊልሟን ትታ፣ አሥር ከሃምሳ ሰባት ላይ ኢሜይል ደወለ፣ ፈረንጁ ነው፣ አጭር ነው፣ ደርሶኛል፣ ሰባ አንዱንም አስገብቻለሁ፣ የተሟላውን ዝርዝር ነገ እልካለሁ። ምን ይላል ልጄ? ገብታችኋል ይላል ሼህ፣ ሁላችሁም ገብታችኋል።

ጋሪ ዳ፣ መልካም ነው፣ ይላሉ ሼሁ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ ገለቶሚ ኢንተላ ኮ፣ ገለቶሚ። በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሁለት እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ እዚያው ኢንተርኔት ቤት፣ ዱዓ ሊያደርጉ፣ ያ ረቢ ይቺን ልጅ፣ ይላሉ፣ ጣቷን ባርክላት፣ የዋለችበትን ቀና አድርግላት፣ ያለ ጥፋቷ ስሟ ተነሥቷል፣ ንጹሕ መሆኗን አንተ ታውቃለህ፣ እኛም እናውቃለን። እና አልቋል እኮ፣ ነገሩ አልቋል፣ ስሙ ገብቷል፣ ለጢፋ ነገ እሸቷን ይዛ ትገባለች፣ ማንም ግራጫዋን መስመር አላያትም፣ ማንም አይጠይቅም፣ አሚን ማለት ብቻ ነው የቀራት፣ ክርስቲያንም ብትሆን በዱዓ ላይ አሚን ትላለች፣ ጅማ ያደገ ሰው ሁሉ ይላል፣ አሚን በይና ተሳፈሪ፣ አሚን።

አይቼው ነበር፣ ትላለች።

የተዘረጋው እጅ እንደተዘረጋ ነው። ምኑን ልጄ?

ያን ቀን። ሃያ ገጽ ብቻ እንደቀየረ ጽፎ ነበር፣ ማሽኑ ተናግሮ ነበር ሼህ፣ አነበብኩት። እናንተ እንደቀራችሁ እያወቅሁ ላክሁት። በፍስሐ ተናድጄ ነበር።

ሼሁ እጃቸውን ቀስ ብለው ያወርዳሉ፣ ፊታቸውን አልዳበሱበትም፣ ዱዓው ሳይዘጋ ቀረ፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። አሁን ይመጣል፣ ትላለች በልቧ፣ ቁጣውን፣ ስትጠብቀው የዋለችውን ቁጣ፣ ይምጣ፣ በትሩ ግድግዳው ላይ ነው፣ ዮርዲ ወደ ውጭ ታያለች፣ ከመስጊዱ በኩል አንድ ሰው ማይክ ይሞክራል፣ ሼሁ ግን እንደ ዳኛ ቀስ ብለው ነው የጠየቋት፣ ፍስሐ ሀሮ ጨፌ ላይ ቡና አለው?

የለውም።

የለውም፣ አሉ እሳቸውም። ባለፈው ጁምዓ ሰው በአንቺ ላይ ተነሥቶ ነበር። አልነገርኩሽም። ወጣቶቹ ወረዳ ሄደን ከሥራዋ እናስነሣታለን አሉ፣ መስጊድ ውስጥ፣ አባቶቻቸው ፊት። እኔ ተነሥቼ ወላሂ አላየችም አልኳቸው። ቁርአን ላይ እጄን አድርጌ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው ውብነሽ፣ ወላሂ ብዬ ውሸት ሆኖ አያውቅም።

አላወቅሁም ሼህ።

አላወቅሽም። እኔም አላወቅሁም። በትራቸውን ያነሣሉ፣ ለመነሣት ሁለቴ ይሞክራሉ፣ ልትደግፋቸው እጇን ትዘረጋለች፣ አልያዙትም፣ በራሳቸው ቆሙ። ነገ ጁምዓ ነው፣ ሰው ሁሉ አለ፣ መጥተሽ ወላሂዬን መልሺልኝ።

ከሰዓት ጀምሮ ስትሳደብ የዋለችው ሴት አንድ የምትሳደበው ሰው ትፈልጋለች፣ ፍስሐ፣ ትላለች፣ ፍስሐ አይመጣላትም፣ ፊቱ እንኳ አይመጣላትም፣ ሳይቱ፣ መብራቱ፣ ያ የሚስቀው ልጅ፣ አንዱም አይመጣም፣ እዚያ ሁሉ ወንድ መሃል፣ አባቶች ፊት፣ ለጢፋ ባትኖርም ማታውኑ ትሰማዋለች፣ ከሥራ ያባርሯት ይሆናል፣ ያባርሯት፣ በምን አፏ ትጀምረዋለች፣ በአማርኛ ነው በኦሮምኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሚሰሙት።

ከሰላት ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ፣ ትላለች።

ሰባት ተኩል ላይ፣ ይላሉ ሼሁ ሳያዩዋት፣ በሩ ላይ ቁሚ፣ ሁሉም በዚያ ነው የሚወጣው።